በርጫ ቤቴ የገባችው የባሕር ዓሳ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እኔ ሳይቸግረኝ ጭሮ ላይ የባሕር ዓሳ አኖርኩ። ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን፤ የቧንቧ ውኃ እንኳ መጣ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ በሚሯሯጥበት ከተማ፣ ከጅቡቲ ጨዋማ ውኃ በጄሪካን እያስመጣሁ አንዲት ዓሳ አስተዳድር ነበር። ሥራዬ የሞባይልና የቴሌቪዥን ጥገና ነው። ሰው ለማመን የሚመች ሥራ አይደለም። ስልኩን ሽንት ቤት የጣለው ሁሉ «እንዲሁ በራሱ ጠፋ» እያለ ነው የሚያመጣልኝ፤ ስከፍተው ውኃ ይንጠባጠባል። ተጠራጣሪነቴን ከዚያ የወሰድኩት ይመስለኛል። ባለቤቴ ግን ከእናትህ ሆድ ይዘኸው ነው የወጣኸው ትለኛለች።

ዓሳዋን ያመጣልኝ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ጓደኛዬ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ የባሕር ውስጥ ቪዲዮ እያየሁ አፌን ከፍቼ ስቀር ደጋግሞ አይቶኛል። ጅቡቲ ውስጥ አንድ ሆቴል ሊዘጋ ሲል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበሩትን ዓሦች ለሚወስድ ሁሉ ሲያድሉ ደረሰ። አንዷን ከነውኃዋ አየር በተነፋ ላስቲክ አሳሰራት፣ ላስቲኩን በረዶ መያዣ ሣጥን ውስጥ ከተተው፣ ከብዙ ጄሪካን የባሕር ውኃ ጋር አመጣልኝ። በር ላይ ቆሞ፣ «በል ሙሽራህን ተረከበኝ» አለኝ።

ከመዳፌ ትንሽ የምታንስ፣ እንደ እርድ ቢጫ የሆነች፣ ከጎን ሲያዩአት ሳህን የምትመስል፣ ከፊት ሲያዩአት ግን የማትታይ ስስ ፍጥረት ናት። ዓይኗ ዙሪያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነገር አለባት፤ ትናንት ተደባድባ ያደረች ትመስላለች። ሆቴሉ ውስጥ ይንከባከባት የነበረው ሰውዬ ለሾፌሩ እንደነገረው፣ ይህች ዘር ከእኛው አቅራቢያ ካለው ባሕር በቀር የትም አትገኝም። ባሕሯ ውስጥ የምትበላው ኮራል የሚሉትን ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ እየለቀመች ነው። ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ተከትፎ፣ ነጭ ሽንኩርት ነክቶት እንድትበላ ያስለመዳት በስንት ልፋት ነው። ከደነገጠች ትተዋለች፤ ከተወች ደግሞ አትመለስበትም። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ እሷ እንዳትሰማ ይመስል።

መስታወት ቆራጩ ገንዳ ሠራልኝ። አየር መንፊያውን ከባጃጅ ባትሪ ጋር አያይዤ መብራት ቢጠፋም እንዳይቆም አደረግሁ። የት ትቀመጥ የሚለው ግን ቤቱን አጨቃጨቀ። የጭሮ ጠዋት ብርድ አለው፤ ከክፍሎቻችን ሁሉ ሙቀት የሚይዘው ጫት የምንቅምበት በርጫ ቤቱ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ወለሉ በፍራሽ የተሸፈነ። እዚያው ጥግ ላይ አቆምኳት። ከገንዳዋ አጠገብ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ነበር። የገንዳ ውኃ ሲተን ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን የምሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ መድኃኒት አለበት ብዬ ስለምፈራ ከቆርቆሮ ጣሪያችን የወረደ የዝናብ ውኃ አጣርቼ እዚያ ባልዲ ውስጥ አሳድር ነበር፣ የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ።

ከቀትር ሶላት በኋላ በርጫ ቤቴ የሚቀመጡት ጥቂት ናቸው። ሾፌሩ ከተማ ውስጥ ካለ ይመጣል። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፣ ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው አይቀሩም። ታላቅ ወንድሜም ዕለት ዕለት ይመጣል፤ ጫቱን የሚያመጣውም እሱ ነው።

ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ሱሪዬን በወጉ የማልታጠቅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ ጥገና እንድማር ድሬዳዋ የላከኝ፣ የሚስቴ ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ይዞ የሄደልኝ እሱ ነው። ሂርና አጠገብ የራሱ የጫት መሬት አለው፣ ከገበሬም ይሰበስባል። ቀትር ላይ ጭሮ ሲገባ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ እስር ለቤቴ ይተርፋል። እኔ ከሌላ ሰው ጫት ገዝቼ አላውቅም። በዚህ ዘመን ጫት ላይ ምን ዓይነት የተባይ መርዝ እንደሚረጭ አገር ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ቅጠሉን እያገላበጠ፣ እያሸተተ፣ እየተጠራጠረ ነው የሚቅመው። እኔ በዓለም ላይ ሳላገላብጥ የምበላው ነገር ቢኖር የወንድሜን ጫት ነበር። «የእኔን ጫት ያጠበ የእኔን እናት ሰደበ» ይል ነበር፣ እየሳቀ።

ዓሳዋ መጀመሪያ ላይ አላሳፈረችኝም። ሽሪምፑን ከእጄ ጣት ሥር እየመጣች ትለቅም ጀመር። ቤት የገባ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላታል፤ እኛ ዘንድ ቆንጆ ነገር አይቶ ማሻአላህ ያላለ ሰው ዓይኑ ያስፈራል። ሃምሳ አለቃው ግን ክርስቲያን ናቸው፣ እንዲህ ማለት አልለመደባቸውም። ፍራሹ ላይ ጋደም ብለው ዝም ብለው ያዩአታል። ለረጅም ጊዜ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ። ይህን በልቤ ያዝኩት።

ከዚያ ዓሳዋ ታመመች። መጀመሪያ ከድንጋዮቹ ኋላ መደበቅ አበዛች። ቀጥሎ ወደ ውኃው ገጽ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ አየር ያጠራት ይመስል። ሰውነቷ አልፎ አልፎ ይንዘፈዘፋል። ሽሪምፑ አፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ ዞር ትላለች። መብላት ከተወች አትመለስበትም የተባለው ትዝ አለኝ። ሰው ለዓሳ ያለቅሳል ወይ እንዳትሉኝ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እኔ አላህን ከመለመኔ በፊት ሰው መጠርጠር እጀምራለሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለቤቴን ነው። ዓሳዋ ከመጣች ጀምሮ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ያለውን ሽሪምፕ «ትልህ» እያለች ነበር የምትጠራው። ክፍሉን ስታጸዳ ሳሙና ቢፈናጠርስ? ሆን ብላስ ቢሆን? መጥረጊያና መወልወያዋን ተደብቄ አሸተትኩ። ሳሸት አየችኝ።

«ምን እየፈለግህ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የምትፈልገውን ልታገኝ ትችላለህ፣ ተጠንቀቅ» ብላ መወልወያውን ከእጄ ተቀበለችኝና ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጫ ቤቱን ጠራርገህ ተቀመጥ ብላ ለእኔ ተወችው።

ቀጥዬ ሾፌሩን ጠረጠርኩ። ውኃውን ከየት ነው የሚቀዳው? ከሰው ርቆ ንጹሕ ባሕር ዳር ነው ይለኛል፤ ግን ሾፌር ጭነት እየጠበቀ ለዓሳ ብሎ ባሕር ዳር ይሄዳል? መርከቦቹ ዘይት ከሚያፈሱበት ከወደቡ ሥር ቢቀዳልኝስ? በስልክ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ፤ ጄሪካኑን ሲሞላ ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ ላከልኝ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ቆም እያደረግሁ ከኋላው መርከብ ፈለግሁ። አልነበረም።

ስለዚህ የቀሩት ሃምሳ አለቃው ናቸው። ሲመጡ ገንዳውን በነጠላ እሸፍነው ጀመር። እሳቸውም አልጠፋቸውም፤ የፖሊስ ዓይን ጡረታ አይወጣም። «ሙሽራዋ ዛሬ ተሸፋፍናለች» አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ነጠላው ግን አልፈየደላትም። እንደውም ባሰባት።

አንድ ቀን ምርቃና ውስጥ የገባሁ መስዬ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የገንዳው መስታወት ክፍሉን ሁሉ ያሳያል፣ ነጠላውን በአንድ ጎን ገለጥ አድርጌው ነበር። ወንድሜ ጫቱን አድርሶ ለሶላት ወጥቶ ነበር። ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ድርሻቸውን ከፊታቸው አነሱ፣ የነጩን ባልዲ ክዳን ቀስ ብለው አወለቁ፣ ጫቱን እስከ አንገቱ ነከሩና አራገፉት። አንዴ፣ ደግሞም እንደገና። ክዳኑን መለሱ። ልምድ ያለው እጅ ነበር።

ዞር አልኩ። «ሃምሳ አለቃ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «ጫቴን እያጠብኩ ነዋ።»

«ከዓሳዬ ውኃ?»

«የዓሳ ውኃ እዚያ ውስጥ ያለው አይደለም እንዴ?» ገንዳውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ይሄ ለእጅ መታጠቢያ ያስቀመጥከው መስሎኝ ነው። ክፍሉ ውስጥ ባልዲ፣ ውኃው ጥርት ያለ፣ እንግዳ ምን ይበል?»

እውነት ለመናገር ማንም የእኛ አገር ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። በበርጫ ቤት ውስጥ ውኃ ያለ ባልዲ ለምን ይቀመጣል? እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ስንት ጊዜ ነው ያን ውኃ ንጹሕ ነው ብዬ ገንዳዋ ላይ የጨመርኩት? «ለምንስ ያጥባሉ? የወንድሜ ጫት መታጠብ እንደማያስፈልገው እያወቁ» አልኳቸው።

«እኔ የማንንም ጫት አጥባለሁ። አንተ የምታምነውን እመን፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማመን አይደለም ሥራዬ የነበረው።» ከዚያ ወደ ገንዳው እያዩ ቀስ ብለው ጨመሩ፤ «ቅጠሉ ንጹሕ ከሆነ እሷን ምን ነካት?»

ጉዳዩ ከዓሳዋ አልፎ እኔና ወንድሜ ጋ ደረሰ። ለዓመታት ሳላገላብጥ የበላሁት ቅጠል መርዝ ከሆነ፣ ያሳደገኝ ሰው ማን ነው?

ወንድሜ ሶላቱን ጨርሶ ሲገባ ፊታችንን አይቶ ገባው። ሃምሳ አለቃው ጠየቁት፣ እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፤ «ትረጫለህ እንዴ አንተ ሰው?»

ወንድሜ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። «ወላሂ» አለ፣ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ። «ወላሂ ከዝናብና ከአላህ በቀር የእኔን ጫት የነካው ነገር የለም። በወንድሜ ቤት፣ በወንድሜ ፊት እንዲህ ልባል?»

እኔም አመንኩት። ማመን ብቻ ሳይሆን አፈርኩ። ወላሂ ያለን ሰው፣ ያውም ወንድምን፣ ጠርጥሮ የሚያድር አንጀት አልነበረኝም። ጥፋቱን ለሃምሳ አለቃው እጅ ሰጠሁት፤ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ትምባሆው ከጣታቸው ወደ ውኃው ገብቶ ነው አልኩ። ይህን ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጭር ነው።

ባልዲውን ደፍቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩት። ሾፌሩ አዲስ ውኃ ሲያመጣ የገንዳውን ውኃ በብዛት ቀየርኩ። ዓሳዋ ቀስ በቀስ መንዘፍዘፏን ተወች። ከቆይታ በኋላ አንዲት የሽሪምፕ ቁራጭ ወደ አፏ አስገባች፣ ተፋቻት፣ እንደገና አስገባቻት። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ማሻአላህ» አለች፤ ከዚያ ቀን በፊት ብላላት አታውቅም። ነገሩ ሁሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከረመዳን በኋላ እናታችን ከመቻራ መጣች። የምትኖረው እዚያ ከእህታችን ጋር ነው፤ ዓይኗን ለመታከም ነበር ጭሮ የመጣችው። መንገዱ አንገላትቷት ስለነበር ፍራሹ ላይ ትራስ ደርድረን አጋደምናት። ወንድሜ እንደ ልጅ ሆነ፤ ጉልበቷን ሳመ፣ እግሯን አሻሸ፣ የሂርና ሰው ሁሉ ሰላም ብሏታል እያለ ወሬ አወረደላት። እሷ ደግሞ የደከመ ዓይኗን ወደ ገንዳው አስጠግታ ዓሳዋን ፈለገቻት።

«ማሻአላህ። ኢልመ ኪያ፣ ልጄ፣ ይህችን የምትቀልባት መቼ ልትበላት ነው?»

«አትበላም እማ።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ያህል ጊዜ አብረን እንዲህ እንዳልሳቅን ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። እማ እጇን ዘረጋች፤ «እስቲ እኔም ልቅመስ፣ በመንገዱ ራሴን አሞኛል» አለች። ጥርስ የላትም፤ እኛ ዘንድ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌና አሮጊት ጫት ተወቅጦ ነው የሚሰጠው። ባለቤቴ ትንሿን ሙቀጫ አመጣች፣ ወንድሜ ካመጣው እስር ከፊቴ ጨበጥ አድርጋ ወሰደች፣ ለጋ ለጋውን ቀጥፋ መውቀጥ ጀመረች።

ወንድሜ ሂርና ላይ ስለዘነበው ዝናብ እያወራ ነበር። መሃል ላይ አቆመ።

«ከየትኛው ነው የምትወቅጪላት?»

«አንተ ካመጣኸው ነዋ» አለች ባለቤቴ።

«ተይው።»

«ልጠበው?»

«ተይው አልኩሽ።» ጉልበቱ ስለሚያመው መሬት ተደግፎ ነው የሚነሣው፤ ያን ቀን ግን ሳይደገፍ ተነሣ። ሙቀጫውን ከእጇ ወሰደ፣ የተወቀጠውን ከጫቱ የተራገፈው ገራባ ላይ ደፋው፣ ውስጡን በኮቱ ጫፍ ጠረገው። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ጫት አወጣ። «ለእማ ከዚህ ውቀጪላት» አለ። ሙቀጫውን ግን በደንብ እስኪያጥበው ድረስ መልሶ አልሰጣትም።

«ያም ጫት፣ ይሄም ጫት» አለች እማ። «ምን ሆነ?»

«ያኛው ጠንከር ይላል እማ። ለሆድሽ አይሆንም።»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። ጉንጬ በዚያኛው ጫት ተወጥሮ ነበር። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ከሁሉም የከበደኝ የወንድሜ ፊት ነው፤ የተያዘ ሰው ፊት አልነበረም። እናቱን ከመኪና መንገድ የሳበ ሰው ፊት ነበር። እኔ እዚያ መቀመጤን የረሳው ይመስለኛል።

ሊሄድ ሲነሣ ተከትዬው በር ድረስ ወጣሁ። ባጃጁ እየጠበቀው ነበር፤ ባለባጃጁ እንዳይሰማ ከግንቡ አጠገብ አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ያ ጫት ምን አለበት?»

ወደ መንገዱ አየ። «በበጋ ሳይረጩት የሚበቅል ጫት እስቲ አሳየኝ አቦ። ትሉ ጨርሶት ምን ልሸጥ? ሁሉም የሚያደርገውን ነው የማደርገው። ለራሴ ከጓሮ ያለችውን ትንሽ ነገር አልረጫትም።»

«ወላሂ ብለህ ነበር።»

«ሰው ፊት ምን እንድል ፈልገህ ነበር?»

ስንት የማስበው ነገር ነበር፤ ሃምሳ አለቃው፣ ዓሳዋ፣ መሐላው። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ድምፄም የልጅ ድምፅ ነበር። «እኔስ፣ ጋሼ?»

መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ። ቀጥሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፣ እንደ ጥንቱ፣ ከድሬዳዋ ለዕረፍት ስመጣ መናኸሪያ ቆሞ ሲቀበለኝ እንደሚያደርገው።

«እሷ እኮ አርጅታለች» አለኝ። «አንተ ጠንካራ ነህ፣ ትችለዋለህ።»

ከልቡ ሊያጽናናኝ ነበር።